ወደ ምሥራቅ የሚሰግዱት ጋሼ

እኔ ነገር ማጣራት የምወድ ሴት ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ የመርማሪ ነፍስ አለባት» ትል ነበር፤ እዚህ ካልጋሪ የወለድኳት ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ዩ አር ሶ ኖዚ» ትለኛለች። ሁለቱም አልዋሹም። ጎረቤቴ መጋረጃውን ቢለውጥ ለምን እንደለወጠ ሳላውቅ ማደር አልችልም። በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ፣ እዚህ ኬር ኤይድ የሚሉት፣ ሆኜ ስቀጠር ታዲያ ለዚህ ጠባዬ ሠርግና ምላሽ ሆነለት። ካልሲ እያጠለቅኩ፣ ፀጉር እያበጠርኩ፣ ዘጠና ዓመት ከኖረ ሰው ጋር ብቻዬን እቀመጣለሁ። ለዚያውም ደሞዝ እየተከፈለኝ።

በሁለተኛው ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል፣ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ዘራቸው ከቻይና ነው፤ የተወለዱት ግን ማላያ፣ ዛሬ ማሌዥያ በምንላት አገር ነው። ባልየው ወደ ዘጠና ተጠግተዋል፤ ሚስትየው በሁለት ዓመት ያንሷቸዋል። ወደ ካናዳ የመጡት ጎልማሳ ሳሉ ነው። ባልየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኦግደን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ ግቢ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ሠርተዋል። በእንግሊዝኛ «ሰር» እና «ማም» እያልኩ ብጠራቸውም በልቤ ጋሼና እትዬ ነበሩ። እዚህም እንደዚያው ብላቸው ይቀለኛል።

ጋሼ የመርሳት በሽታ አለባቸው። በሽታው ሰውን ከላይ ከላይ ነው የሚልጠው፤ መጀመሪያ ትናንትን፣ ከዚያ አምናን እያለ ወደ ልጅነት ይወርዳል። ጋሼ ጋራዡን ረስተዋል። ካልጋሪንም ረስተዋታል፤ በረዶ ባዩ ቁጥር እንደ አዲስ ይገረማሉ። እሑድ እሑድ ከቸስተርሚር እየነዳች የምትመጣ አንድ ልጅ አለቻቸው። እሷንም አንዳንድ ቀን በትሕትና «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይሏታል። ያልረሱት እትዬን ብቻ ነው። እትዬ ክፍሉ ውስጥ ካሉ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ መድኃኒት ይውጣሉ። እትዬ ለሐኪም ቀጠሮ ከወጡ ግን በሩን ይዘው ያለቅሳሉ። የእትዬ አእምሮ እንደ ምላጭ ነው፤ የከዳቸው እግራቸው ነው፤ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። «እሱ እግር አለው፣ እኔ ጭንቅላት አለኝ። ተደምረን አንድ ሰው እንወጣለን» ይሉ ነበር ሲቀልዱ።

የጠዋት ሺፍቴን የምጀምረው ከእነሱ ክፍል ነው። የገባሁበት ወር ታኅሣሥ ነበር፤ ውጭው ጨለማ፣ ብርዱ ዓይን የሚያስለቅስ። ጋሼን አለበስኳቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ካልተቆለፈ አይወዱም። ከዚያ ወደ እትዬ ስዞር ጋሼ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ለጠፉ። ከወገባቸው እጥፍ ብለው አጎነበሱ፤ እዚያው ቀሩ።

መስኮቱ የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው። እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚያጎነብስ ሽማግሌ ሳይ ሌላ ምን ልጠርጥር? አባቴን ያየሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀስ ብዬ እትዬን «ጋሼ ጸሎተኛ ናቸው ማለት ነው?» አልኳቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አልመለሱልኝም። እኔም መቼስ ትርጉም አይቸግረኝም፤ የባልና የሚስት ሃይማኖት ቢለያይ ነው፣ የቆየ ቅሬታ አላቸው ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የጋሼ ጸሎት ጠባቂ ራሴን ሾምኩ። የሥራ ባልደረቦቼን «በዚህ ሰዓት አትግቡባቸው፣ ስግደት ላይ ናቸው» እያልኩ ከበር እመልሳለሁ። መስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ከባድ ባለመደገፊያ ወንበር ነበር። ጋሼ ሲያጎነብሱ ከወንበሩ ጀርባ ጋር ይጋጫሉ፤ ቦታው ጠቧቸዋል አልኩና አንድ ጠዋት ወንበሩን ገፍቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ወደቁ። ሌላ ክፍል ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ሮጬ ስደርስ ጋሼ መስኮቱ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። እትዬ ከአልጋቸው መውረድ ስለማይችሉ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የጋሼ ቅንድብ ተተርትሮ ስለነበር ተሰፋ። እኔ ጥግ የቆመውን ወንበር አየሁና ክው አልኩ። ለካ ጋሼ ሲደክማቸው የሚደገፉት እሱን ኖሯል።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊዋ ነርስ፣ የጋሼ ልጅና እኔ ነበርን። ነርሷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የምትናገረው እያዘነች ነው። ጋሼ ከኔ በፊትም አንድ ጊዜ ወድቀዋል፤ ይሄ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛ ከወደቁ እዚህ ሊኖሩ አይችሉም፤ ቀንና ሌሊት ጠባቂ ወዳለበት፣ በሩ በኮድ ወደሚዘጋ ሌላ ተቋም ይዛወራሉ። እትዬ ግን አእምሯቸው ደህና ስለሆነ እዚያ አልጋ አይሰጣቸውም። በአጭሩ ነገሩ ይሄ ነበር፤ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ ከሚስታቸው ይለያሉ። ጋሼ በር ይዘው ሲያለቅሱ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ልጅትየው «ለምንድነው ግን የሚያጎነብሰው? አባቴ በሕይወቱ ሃይማኖት ኖሮት አያውቅም። ጀመረው ከተባለ ገና ስድስት ወሩ ነው» አለች።

ሃይማኖት ኖሮት አያውቅም! እኔ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኜ ጠረጴዛውን አያለሁ። ስለ ወንበሩ ያነሳ ሰው የለም፤ ዝም ብል ያልፍ ነበር። ስብሰባው እንዳበቃ ግን ልጅትየውን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተልኳት። በዚያ ብርድ፣ ኮቴን እንኳ ሳልደርብ፣ ወንበሩን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ ለምን እንዳነሳሁትም ነገርኳት። ትቆጣኛለች፣ ሥራዬንም ላጣ እችላለሁ ብዬ ነበር።  «እንዲጸልይልሽ ቦታ አሰፋሽለት?» አለችኝ። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። ከዚያ «ለኃላፊዋ ራስሽ ንገሪያት። ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ፈልጊልኝ። እናቴ ታውቃለች፤ ለኔ ግን አትነግረኝም። ስለ ልጅነታቸው ሁለቱም አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም» አለች።

ለኃላፊዋ ነገርኳት፤ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ። ይገባኛል። ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ጋሼ ግን አንዴ መንገዱን ለምደው ኖሮ ዞረውት መስኮቱ ሥር ይቆማሉ። እኔም በየጠዋቱ ከጎናቸው እየቆምኩ፣ ክንዴን ወገባቸው ላይ አድርጌ፣ አሁን እንደ ምእመን ሳይሆን እንደ መርማሪ አያቸው ጀመር።

ያየሁት ይሄ ነው። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። አያማትቡም፤ ምንም ዓይነት የእምነት ምልክት አያሳዩም። እጃቸው ከጭናቸው ላይ አይነሳም። ከሁሉ የሚገርመው በራሳቸው ጊዜ ቀና አይሉም። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸው ይቀላል፣ እስኪወድቁ ድረስ ግን አይነሱም። ላነሳቸው ስሞክር አካላቸው እንደ እንጨት ይደርቃል። አንድ ጠዋት ከኮሪደሩ አንድ ሰው ለሌላው ጮክ ብሎ ሲጣራ ጋሼ እንደ ተተኮሰ ቀጥ አሉ። ያን ዕለት በደንብ አሰብኩበት። ጸሎት የሚያደርስ ሰው ሲጨርስ ይነሳል። ጋሼ ግን የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ማታ ቤት፣ ሲቲስኬፕ በሚባለው ሰፈራችን፣ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ነገሩን ዘረገፍኩላት።

«ወዴት ነው ፌስ የሚያደርጉት?» አለችኝ።

«ወደ ምሥራቅ።»

«እና ያደጉት ማሌዥያ ነው? ዋይት፣ ዘጠና ዓመታቸው ነው ካልሽ... በወርልድ ዋር ቱ ጊዜ ኪድ ነበሩ ማለት ነው እኮ።» ስልኳን አወጣች። ትንሽ አነበበችና «ኦ ማይ ጋድ እማዬ። ጃፓኖች ኦክዩፓይ አድርገዋቸው ነበር። ስኩል ላይ ኤቭሪ ሞርኒንግ ልጆቹን አሰልፈው ወደ ቶኪዮ፣ ላይክ፣ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ባው ያስደርጓቸው ነበር» አለች።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ጸሎት ብዬ ዘብ የቆምኩለት ይሄን ነው?

ልጄ ደግሞ ካርታ ከፍታ «በዚያ ላይ ከዚህ ቶኪዮ በዌስት በኩል ናት፤ በተራሮቹ በኩል። ጋሼ ወደ ሮንግ ዳይሬክሽን ነው ባው የሚያደርጉት» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ መሳቄ አሳፈረኝ።

እስቲ እውነቱን ልናገር፤ ስለ ጃፓን የማውቀው ቶዮታን ነበር። ከዚያ ሌላ ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማሁት ነው፦ «ጃፓን እኮ አንድ ጊዜ ከኛ እኩል ነበረች፤ ሠርታ አደገች፤ እኛ ተኝተን ቀረን።» በሰፈራችን ጃፓን ስሟ የሚነሳው ሰነፍ ልጅ ለመገሠጽ ነው። ሠርታ ያደገችዋ አገር ሌላውን ገዝታ፣ የሰው ልጅ አሰልፋ ታሰግድ እንደነበር የነገረኝ የለም። ወረራ ሲባል በኔ ጆሮ ጣሊያን ነው፣ አምስት ዓመት ነው። የሌላው ሰው ጣሊያን ማን እንደነበር መጠየቅ ለካ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ እያነበብኩ እቆይ ነበር፤ ኮሪያ፣ ማንቹሪያ፣ ፊሊፒንስ፣ ጃቫ። በየሥራ ቦታዬ አብረውኝ ምሳ የሚበሉ ሰዎች አገሮች ናቸው። አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም፤ ነገር አጣሪዋ እኔ!

እትዬን ግን ዝም ብሎ መጠየቅ ከበደኝ። እንደ አጋጣሚ ምግብ ረዳኝ። መኖሪያው አንዳንድ ቀን ከምሳ በኋላ ታፒዮካ የሚባል፣ በወተት የተቀቀለ ነጭ ጣፋጭ ያቀርባል። እትዬ ሁልጊዜ ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ገፍተው ያርቁታል። ያን ቀን «ይሄ ከካሳቫ ነው የሚሠራው አይደል? እኛም አገር በደቡብ በኩል ካሳቫ ይበላል» አልኳቸው።

«ትወጂዋለሽ?» አሉኝ።

«ቀምሼው አላውቅም።»

«እኔ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ እሱን በልቻለሁ። ሩዙን ጃፓኖች ወስደውት ነበር» አሉ። ከዚያ የማላውቀውን ነገር ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ጠይቂ። ካልጠየቅሽ እኮ ታምሚያለሽ» አሉኝ። ለካ ጠባዬን አውቀውት ኖሯል።

ጋሼ አጠገባችን ተቀምጠው እያንቀላፉ ነበር። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩኝ።

ጃፓኖች የመጡት በብስክሌት ነው አሉ። እሳቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ጦር ሠራዊት በብስክሌት ሲመጣ ለልጅ ያስቃል። እንግሊዞቹ ጥለው ሸሹ። በሁለተኛው ሳምንት የሚያስቅ ነገር አልቀረም። በየመንገዱ ዘብ ቆመ፤ በዘቡ ፊት የሚያልፍ ሁሉ ያጎነብሳል፤ በደንብ ያላጎነበሰ በጥፊ ይመታል፤ አያት ሆነ ልጅ ልዩነት የለም። አንድ ቀን የከተማውን ወንዶች ሜዳ ላይ ሰበሰቧቸው። የእትዬ ታላቅ ወንድም አስተማሪ ነበር፤ መነጽር ያደርግ ነበር። ሜዳው ዳር ወደቆመው ካሚዮን ሂዱ ከተባሉት ጋር ሄደ፤ አልተመለሰም። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ጫማውን ታጸዳ ነበር።

«ሰዓቱን እንኳ ወሰዱት» አሉኝ። «የቶኪዮን ሰዓት አደረጉብን። የኛ ፀሐይ ገና ሳይወጣ ሰዓቱ ነግቷል ይላል፤ በጨለማ ተነስተን ትምህርት ቤት እንሄዳለን።»

ይሄ ከሁሉ ገረመኝ። ሰዓቱን ከማንም ጋር ያላስተካከለ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ የሰው ሰዓት ይቀማል ብዬ አስቤ አላውቅም። የታኅሣሡም ጨለማ ያኔ ነው የገባኝ። ጋሼ ሳይነጋ የሚነሱት ለጸሎት አልነበረም፤ በቶኪዮ ሰዓት ነበር።

«ጋሼስ?» አልኳቸው።

«አንድ ትምህርት ቤት ነበርን። እኔ ትንሿ ክፍል፣ እሱ ከኔ ሁለት ክፍል በላይ። አንተዋወቅም ነበር። ጠዋት ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ዞረን እናጎነብሳለን። ማጎነበስ ብቻ አይደለም፤ ቀና በሉ የሚል ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ መቆየት ነው። ትእዛዙ አንድ ቃል ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ አስነጠሰውና ከቃሉ በፊት ቀና አለ። ሌሎቻችንን ወደ ክፍል አስገቡን፤ እሱን ብቻውን ሜዳው ላይ እንዳጎነበሰ ተዉት። ወታደሩ ከፊቱ ቆሟል። እኔ በመስኮት አየው ነበር። ቃሉን ሳይሉለት ወደቀ። በውሃ አንቅተው እንደገና አቆሙት።»

ወደሚያንቀላፉት ጋሼ አየሁ።

«አዎ» አሉ እትዬ። «ስንጋባ ያ ልጅ እሱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ማየቴን ግን አልነገርኩትም። ለሰው ውርደቱን እንዳየሽበት ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ? ከስድሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር አንድ ቀን አላነሳነውም። አሁን አእምሮው ሁሉን ትቶ ሄዶ እዚያ ሜዳ ላይ ቆመ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ የኛ ሰዎች። ጋሼ ልጃቸውን የረሱ ሰው ናቸው፤ ይሄን ግን አልረሱም። እውነት ለመናገር እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እትዬ ናፕኪን አቀበሉኝ።

ትንሽ ቆይቼ ግን ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረ። ጋሼ የሚወድቁት ቃሉን ሲጠብቁ ነው። ቃሉ ቢባልላቸው ይነሳሉ። «እትዬ፣ ቃሉን ይንገሩኝ። ጠዋት ጠዋት እኔ እላቸዋለሁ። አይወድቁም፤ ከእርስዎም አይለዩም» አልኳቸው።

ፊታቸው ተዘጋ። «አይሆንም። ያ ቃል እኔ ክፍል ውስጥ አይገባም። ወንድሜንም ወደ ካሚዮኑ የነዱት በዚያ ቋንቋ ነው።»

እዚያ ላይ አቆምን። እኔ ግን ማቆም አልችልበትም። በማግስቱ ጠዋት በእንግሊዝኛ «ተጨርሷል ሰር፣ ይበቃል» ብዬ ሞከርኩ። ምንም። በአማርኛም ሞከርኩ፤ «በቃ ጋሼ፣ እግዜር ይባርክዎ፣ ይነሱ»። ምንም። ቤት ስገባ ልጄ ቃሉን ኢንተርኔት ላይ አገኘችልኝ፤ «ናኦሬ» ነው። «እማዬ፣ አር ዩ ሹር ግን? እትዬ ኖ ብለዋል እኮ» አለችኝ። «እሺ፣ አልለውም» አልኳት። እንዲያም ሆኖ ዲርፉት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ እየነዳሁ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ «ናኦሬ፣ ናኦሬ» እያልኩ እለማመድ ነበር። ያየኝ ሹፌር ስልክ የማወራ መስሎት ይሆናል።

እውነት ሰውነት እንዲህ ትእዛዝ ይጠብቃል ወይ የሚለውም አላስተኛኝም። እኔ ራሴ በደርግ ዘመን ነው የተማርኩት፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችንን ጨብጠን እያነሳን መፈክር እንጮህ ነበር። አንድ ማታ ወጥ እያማሰልኩ ያንን የድሮ መፈክር በወንድ ድምፅ ጮክ ብዬ ለራሴ አልኩት። ግራ እጄ ሳላዘው ከነማማሰያው ወደ ላይ ተነሳ። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ግን እጄን ቁልቁል እስካወርደው ጊዜ ወሰደብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊዋ ነርስ ጠርታኝ «አንቺ እረፍት ስትሆኚ ሌሎቹ ሊይዟቸው አልቻሉም፤ ትናንት ለትንሽ ነው ያልወደቁት። ለመዛወሪያው ወረፋ አሁኑኑ ላስመዘግባቸው ነው» አለችኝ። እትዬም ተነግሯቸዋል። ወደ ክፍሉ ስገባ እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አብጧል። ደህና አደሩ ስላቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ጋሼን አለበስኳቸው። ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቆለፍኩ። ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ቆሙ፣ አጎነበሱ። ያን ጠዋት ከመጀመሪያው ደክሟቸው ነበር። ክንዴ ላይ ክብደታቸው እየጨመረ መጣ፣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም እየተንሸራተትኩ ነው። የእርዳታ መጥሪያው ደወል ከጋሼ አልጋ ራስጌ ስለሆነ አልደርስበትም። ያኔ የእትዬን ክልከላ ጣስኩት። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ናኦሬ» አልኳቸው።

አልተነሱም። ደግሜ አልኩ። አልተነሱም። ቃሉ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ለሽማግሌ መጮህ አላውቅበትም። አላደግኩበትም። ቃሉን የምለው «እባክዎን ጋሼ» እንደሚባል አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አንቱ እያልኩ ነበር። ያንን ቃል እንዲህ ያለ ወታደር ኖሮ አያውቅም። ጋሼ የሚጠብቁት ሌላ ድምፅ ነው።

«ናኦሬ!»

ከኋላዬ ነው የመጣው። ደነገጥኩ፤ በእውነት ወታደር የገባ መስሎኝ ዞርኩ። እትዬ አልጋቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ተክለው፣ አንገታቸው ተገትሮ ነበር። ያቺ በቀልድ የምታወራኝ ቀጭን ድምፅ የለችም። ከሆድ የሚወጣ፣ የሚያንባርቅ ድምፅ ነው። ጋሼ ቀጥ አሉ። ከክንዴ ክብደታቸው ጠፋ። ደረታቸውን ነፍተው፣ በሁለት እግራቸው ጸንተው ቆሙ።

ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ድምፁ ዞሩ፤ እትዬን አዩ። አላወቋቸውም። ሁሉን ሲረሱ ያልረሷቸውን ሚስታቸውን የሚያዩት በስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ነበር፤ ጥፊውን በሚጠብቅ ልጅ ዓይን። ትከሻቸው ተሸማቀቀ። እትዬ ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ጋሼ እስኪመለሱ ጠበቁ። ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። በመጨረሻ የጋሼ ትከሻ ወረደ፣ ፊታቸው ፈታ አለ፤ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። እትዬ ኋላ እንደተረጎሙልኝ «አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ? ስፈልግሽ ነበር» ነው ያሉት።

ቁርስ ላይ ጋሼ ሲበሉ እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀጥዬም «ጩኸቱን እለማመዳለሁ እትዬ። እርስዎ ቃሉን አይበሉት፤ ጋሼ እንዲያ አድርገው እንዲያዩዎት አልፈልግም» አልኳቸው።

«ከእንግዲህ ከኔ በቀር ማንም አይለው» አሉኝ። «ሰው መፍራቱ ካልቀረ እኔን ይፍራ። አንቺን ከፈራሽ ቀኑን ሙሉ ይፈራሻል። እኔን መፍራቱን ግን ወዲያው ይረሳልኛል።»

ነርሷ ሁለት ወር ጠብቃ ስማቸውን ከወረፋው አወጣች፤ ጋሼ አልወደቁም። ልጅትየው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ እናትሽን ጠይቂ አልኳት፤ ጠየቀቻቸው፣ ነገሯትም። አሁንም ጠዋት ጠዋት የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ አጎንብሰው ሳለ የእትዬን ተሽከርካሪ ወንበር ከጀርባቸው አቀርባለሁ፤ እትዬ ትንፋሽ ይስቡና ያንን ቃል ይጮኻሉ፤ ጋሼ ዞረው በፍርሃት ያዩአቸዋል። ያን ጊዜ እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። እትዬ ግን አይዞሩም።